ማዳም ትቆይ፦ ርኅራኄን በየቀኑ ለመልመድ

ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ስሠራ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የስሪላንካ ሴት ትሠራ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በእነሱ ቋንቋ «አካ» እላታለሁ፤ ታላቅ እህቴ እንደ ማለት ነው። የምንገናኘው ቆሻሻ ስናወርድና ልብስ ስናሰጣ ብቻ ነው። የሁለታችንም አረብኛ የተሰባበረ ነበር፣ ግን እንግባባለን። አንድ ቀን ማዳም እንግዳ ፊት ሰድባኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኘችኝ። ምን ሆንሽ አላለችኝም። አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ ቆየችና «ለራስሽ ደህና ልሁን በይ» አለችኝ። አልኩ። «አሁን ለእኔ ተመኚልኝ» አለች። እሱም ቀላል ነበር። «ማዳምስ?» ስላት «ማዳም ትቆይ፣ ገና ነሽ» ብላኝ ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ያኔ ለማጽናናት ያህል ያለችው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቅና ሳነብ ግን አካ የነገረችኝ ነገር ስሪላንካ ውስጥ ከ1500 ዓመት በላይ የኖረ የቡድሃ ሃይማኖት ልምምድ ሆኖ አገኘሁት። በ5ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ያስተማረው መነኩሴ ቡድሃጎሳ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ለራስ በጎ መመኘት። ቀጥሎ ውለታ ለዋለልን ሰው፣ ከዚያ ለምንወደው ወዳጅ፣ ከዚያ ክፉም ደግም ላላየንበት ሰው፣ መጨረሻ ላይ ለሚያስቀይመን ሰው። ከጠላት አትጀምሩ ይላል፣ ገና ስታስቡት ንዴቱ ይቀድማችኋልና።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ ልጅ አለኝ፣ በአንድ ግቢ ስድስት አባወራ ሆነን እንኖራለን። ከአካ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ የቃረምኩትን በዚህ ኑሮ ላይ ስሞክረው ቆይቻለሁ። ለመሞከር ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። አካም አንድ ቀን ወደ እኛ ነይ ብላኝ አታውቅም።

ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቁ

እኛ ስለ ደግ ሰው ስናወራ «ሲፈጥራት ነው» እንላለን። ይህ አባባል ለሷ ምስጋና ይመስላል፣ ግን ሌሎቻችንን ቁጭ ያደርገናል። እኔ አልተሰጠኝም ብለን እንተወዋለን ማለት ነው። የቡድሃ ተከታዮች ለዚህ ልምምድ የሚጠሩበት ቃል «ባቫና» ነው፤ ማብቀል፣ ማሳደግ ማለት። እንደ ጓሮ ጎመን ውሰዱት። ውኃ ይፈልጋል፣ አረም ይወጣበታል፣ ሁለት ሳምንት ከረሳችሁት ይጠወልጋል፣ እንደገና ደግሞ ይተከላል።

የሚበቅሉት አራት ናቸው። ሜታ ለሰው በጎ መመኘት ነው። ካሩና የሰው ጭንቅ ሲያዩ «ይቅለልለት» ብሎ መነሣት ነው፣ እኛ ርኅራኄ የምንለው። ሙዲታ ሰው ሲሳካለት አብሮ መደሰት ነው። ኡፔካ ደግሞ ነገሩ እንደ ፈለግነው ባይሆንም ልብን ማርጋት ነው።

እያንዳንዳቸው እነሱን የሚመስል አሳሳች አላቸው፣ «የቅርብ ጠላት» ይሉታል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው። የሜታ አሳሳች «የኔ ብቻ ሁን» የሚል ፍቅር ነው። የኡፔካ አሳሳች ግድ የለሽነት ነው። የካሩና አሳሳች ሐዘን ነው፤ ይሄኛው እኛን በጣም ይመለከተናል። ታማሚ ልንጠይቅ ሄደን ከታማሚዋ ብሰን የምናለቅስ ስንት ነን? እሷ ጎኗን እያመማት እኛን «አይዟችሁ» ስትል ትውላለች። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን የታመመ ሰው ላይ ሁለተኛ ሸክም ነው። ማልቀስ ክልክል አይደለም፤ ቤቱ ግን እንባውን ጠርጎ ውኃ የሚጥድ ሰው ይፈልጋል።

ማታ አሥር ደቂቃ

ከዚህ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሲተኙ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ቁጭ በሉ። ወንበርም ይሆናል፣ አልጋ ጠርዝም ይሆናል። ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ከዚያ በልባችሁ ቀስ ብላችሁ «ደህና ልሁን፣ ከክፉ ነገር ልጠበቅ፣ ልቤ ይረፍ፣ ኑሮዬ ይቃናልኝ» በሉ። ቃላቱን እንደሚመቻችሁ ቀይሩ። እኛ መመረቅ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ይህ አይከብደንም። ድምፅ የሌለው ምርቃት ማለት ነው።

የሚከብደን ራስን መመረቅ ነው። «ለራሴማ ምን ብዬ፣ ስግብግብነት አይሆንም ወይ?» ትላላችሁ። ቡድሃጎሳ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ደስ ይለኛል፤ ራስን ምስክር ማድረግ ነው ይለዋል። እኔ ደህና መሆን እንደምፈልግ፣ መታመምና መዋረድ እንደማልፈልግ ከልቤ ካወቅሁት፣ ጎረቤቴም ያው እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን በራሱ ላይ ያልተሰማው ሰው ለሌላው የሚመኘው ነገር አፉ ላይ ይቀራል። አሁንም ከከበዳችሁ ራሳችሁን በስድስት ሰባት ዓመታችሁ አስቡና ያንን ልጅ መርቁት።

ለራሳችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ። በሁለተኛው ሳምንት ውለታ የዋለላችሁን አንድ ሰው ጨምሩ፣ በሕይወት ያለ ሰው ይሁን፤ የሞተን ሰው ለዚህ አትውሰዱ ይላሉ፣ ልብ ወደ ናፍቆትና ሐዘን ስለሚሄድ። ቀጥሎ ወዳጅ። ከዚያ «ምንም ያልሆነ» ሰው፤ የታክሲ ረዳቱ፣ የሱቁ ልጅ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች። ይህኛውን አትዝለሉት። እኔ ከእኛ በር ፊት ያለውን ሱቅ የሚሸጠውን ልጅ መረጥኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ስመርቀው ከቆየሁ በኋላ አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣ ለሦስት ዓመት በየቀኑ የማየውን ልጅ ስሙን እንደማላውቅ ታወቀኝ። ስሙን ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። እናቱ ገጠር እንደታመመችም በዚያው ሰሞን ነው የነገረኝ።

አእምሮ ይባዝናል። የነገ ሽሮ፣ የልጅ ክፍያ፣ የሰው ወሬ ይመጣል። ሲባዝን መልሱት፣ አትቆጡት፣ ባዘንኩ ብላችሁም አታቁሙ። መልሶ ማምጣቱ ራሱ ነው ሥራው።

ሙዲታን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ጎረቤት ሲኖር ልብ የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ማታ እሱን መርቁት፣ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ሄዳችሁ እንኳን ደስ ያለህ በሉት። ቅናቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን አንደበታችሁን አይዘውም።

ቆርቆሮ አስቀምጡ

በ1966 በፈረንጆች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም «በእኛ» ካላልኩ በፈረንጆች ናቸው)፣ በታይዋን ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው ኋልየን ከተማ ቼንግ የን የምትባል ወጣት መነኩሲት ነበረች። እሷና አብረዋት ያሉት መነኮሳት ምጽዋት አይቀበሉም፣ በእጃቸው ሠርተው ነው የሚኖሩት። ለችግረኛ የሚሆን ገንዘብ ሲፈልጉ ስድስት ሆነው እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ጥንድ የሕፃን ጫማ አስበልጠው ለመስፋት ተስማሙ፤ ጥንዱ በአራት የታይዋን ዶላር ይሸጣል። ከዚያ ደግሞ 30 የሚሆኑ የቤት እመቤቶችን ሰብስባ ለእያንዳንዳቸው ከቀርከሃ የተቆረጠ ገንዘብ ማጠራቀሚያ ሰጠቻቸው። ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት በየቀኑ 50 ሳንቲም ጣሉበት አለቻቸው።

ሴቶቹ ጠየቁ። በቀን 50 ሳንቲም በወር 15 ዶላር ነው፣ ለምን በወር አንዴ አንሰጥም? አልተቀበለችም። በወር አንዴ ከሰጣችሁ በወር አንዴ ብቻ ነው ሰው የምታስቡት፤ በየቀኑ ከጣላችሁ በየቀኑ ታስባላችሁ ነው ነገሩ። ሴቶቹ ገበያ ላይ ሲያወሩት ወሬው ተሰማ፣ ሻጮቹም ገቡበት። ዛሬ ጹ ቺ ተብሎ በብዙ አገር የሚታወቀው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው። በ1986 በዚያችው በኋልየን ሆስፒታል ከፈቱ።

ከዚያው ከታይዋን ሌላ ሰው ልጨምር። ቼን ሹ ቹ ታይቱንግ በምትባል ከተማ ገበያ ውስጥ አትክልት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። እናቷ በወሊድ ምክንያት ስትሞት፣ ለሐኪም ቤት የሚያስይዙት ገንዘብ አልነበራቸውም። እሷ አንደኛ ደረጃን እንደ ጨረሰች ትምህርቷን ትታ ወደ እናቷ የአትክልት መደብ ገባች። በዓመታት ውስጥ አሥር ሚሊዮን የታይዋን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ሰጥታለች፤ በተማረችበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶበታል። በ2012 ራሞን ማግሳይሳይ የሚባለው የእስያ ሽልማት ተሰጥቷታል። ጎመንና ሽንኩርት ሸጣ ነው ይህን ያደረገችው።

እናንተ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ፈልጉና ክዳኑን ብሱት። የምታዩት ቦታ ይሁን፣ እኛ ቤት ከምጣዱ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ አምስት ብርም ሁለት ብርም ጣሉ። በቴሌብር ለይቼ ላስቀምጥ የምትሉ ትኖራላችሁ። ገንዘቡ ያው ነው፣ እጃችሁ ግን አይለምድም፣ ልጆቻችሁም አያዩትም። ልጄ አሁን እኔ ስረሳ ታስታውሰኛለች። ያልኖረን ቀን ደግሞ ባዶ እጅን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጦ ለአንድ ሰው በጎ ተመኝቶ መውጣት ነው። ይሄን ከማንም አልሰማሁትም፣ እኛ ቤት የጀመርነው ነው።

ከጎረቤት ሦስት አራት ሰው ካገኛችሁ የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ ወስኑ። ለማን እንደሚሰጥም አብራችሁ ተነጋገሩ። ስትሰጡ ፎቶ አታንሱ። የጹ ቺ በጎ ፈቃደኞች ዕርዳታ ሲሰጡ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ተቀባዩን አመስግነው ነው። እኛም ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው የምንሰጠው፤ ለችግረኛ ሲሆን ነው የምንረሳው።

የታመመ ሰው ቤት

ስለ ቡድሃ ከሚተረኩት ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። አንድ መነኩሴ ተቅማጥ ይዞት በገዛ ቆሻሻው ላይ ወድቆ አገኘው። «የሚያስታምምህ የለም ወይ?» ቢለው «ለሌሎቹ የማደርግላቸው ነገር ስለሌለ አይረዱኝም» አለው። ቡድሃ አብሮት የነበረውን አናንዳን ውኃ አስመጣው። እሱ ውኃውን እያፈሰሰ አናንዳ አጠበው፣ ከዚያ አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። በኋላ መነኮሳቱን ሰብስቦ የነገራቸው ነገር ይህ ነው፤ እዚህ የሚያስታምም እናትም አባትም የላችሁም፣ እርስ በርሳችሁ ካልተረዳዳችሁ ማን ይረዳችኋል? እኔን ሊያገለግል የሚወድ የታመመውን ያገልግል።

ስደት ላይ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ ይላወሳል። አረብ አገር ታሞ የሚያስታምም እናትና አባት የለም። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ስወድቅ ፎቅ ወርዳ ሾርባ በብልቃጥ ያመጣችልኝ አካ ናት፣ ያውም በራሷ የእረፍት ሰዓት።

ያ ትረካ በዚህ አያበቃም፤ ጥሩ አስታማሚ ምን ዓይነት እንደሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መድኃኒት ማዘጋጀት የሚችል። የሚስማማውንና የማይስማማውን ለይቶ፣ የማይስማማውን የሚያርቅ። ጥቅም ፈልጎ ሳይሆን ከደግ ልብ የሚያደርግ። ሽንትና ሰገራ፣ ትውከትና አክታ የማይጸየፍ። በሚገባው ሰዓት በጥሩ ወሬ ልብ የሚያደረጅ። ታማሚውም የቤት ሥራ አለበት፤ መድኃኒቱን መውሰድ፣ የማይስማማውን አለመብላት፣ የሚሰማውን ሕመም ሳይደብቅ መናገር።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት እማማ ግማሽ ጎናቸው ሲያዝ በዚህ ነው የተመራነው። ብርቱካንና ሙዝ ተሸክሞ መጥቶ ሁለት ሰዓት ቁጭ የሚል ጠያቂ ሞልቶ ነበር፣ ልጃቸው ግን እንቅልፍ አጥታ ልትወድቅ ነው። ስለዚህ ቀን ተከፋፈልን። አንዷ ሰኞ ልብሳቸውን ታጥባለች። አንዷ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ ጨው የበዛበት ወጥ የሚያመጣ ሰው ካለም በትሕትና የምትመልሰው እሷ ናት። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ልጃቸው ትተኛለች። እናንተም ልትጠይቁ ስትሄዱ «ምን ላምጣ?» ከማለት «ዛሬ ማታ እኔ ልቀመጥ፣ አንቺ ተኚ» በሉ። አጭር ቆዩ ወይም ሥራ ሥሩ። ስለሞተ ሰው አታውሩ።

ቤታችሁ ስላለችው ልጅ

ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቡድሃ ሲጋላ ለሚባል ወጣት ስለ ኑሮ ሲመክረው አሠሪ ለሠራተኛው ሊያደርግ የሚገባውን አምስት ነገር ነግሮታል። እንደ አቅሟ ሥራ መስጠት። ምግብና ደመወዝ በወጉ መስጠት። ስትታመም ማስታመም። ለየት ያለ ጣፋጭ ነገር ቤት ሲገባ ማካፈል። በየጊዜው እረፍት መስጠት። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ምክር ነው። ቤይሩት ሳለሁ ይህን ባውቅ ኖሮ በየትኛው እንደተበደልኩ ቁጥር ይዤ እቆጥር ነበር።

ግን አገሬ ገብቼ እኔም ሠራተኛ ቀጠርኩ። ከገጠር የመጣች፣ 19 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንግዳ ፊት ብርጭቆ ሰበረችና ጮህኩባት። ድምፄን ሰማሁት። የማዳም ድምፅ ነበር፣ ቃሉ ብቻ ነው አማርኛ። ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ትከሻዋን አየሁት፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን እኔን አየሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ደነገጠች፣ ምን ማለት እንዳለባት አላወቀችም።

እነዚያን አምስት ነገሮች ጽፌ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ለጠፍኳቸው፣ በወሩ መጀመሪያ ደመወዝ ስሰጥ አያቸዋለሁ። ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ አድርጉት ብዬ እለምናችኋለሁ። በተለይ አራተኛውን ተመልከቱ። በዓል ሲሆን ዶሮው ከየትኛው ብልት እንደሚደርሳት፣ ኬክ ሲቆረስ እሷ የት እንደምትቆም ተመልከቱ። እረፍትን በተመለከተ ደግሞ ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ «ሥራ ሲቀል» የሚባል እረፍት አይመጣም።

ብዙ ሆኖ መሥራት

ስሪላንካ ውስጥ «ሽራማዳና» የሚባል ነገር አለ። ቃል በቃል የጉልበት ስጦታ ነው፣ እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት። በ1958 ኤ ቲ አሪያራትኔ የተባለ የኮሎምቦ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ካናቶሉዋ ወደምትባል መንደር ሄደ። የመንደሩ ሰዎች ሌላው ሕዝብ ዝቅ አድርጎ የሚያያቸው፣ አብሯቸው የማይበላ፣ ቤታቸው የማይገባ ነበሩ። የከተማ ልጆች እዚያ ሰነበቱ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ አብረው በሉ። ከዚያ ሳርቮዳያ የሚባለው እንቅስቃሴ ተስፋፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ደረሰ። የሂንዱ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን መንደሮችም አሉበት። አሪያራትኔ በ2024 እስኪያርፍ ድረስ ይህንኑ ሲሠራ ኖረ። «እኛ መንገዱን እንሠራለን፣ መንገዱም እኛን ይሠራናል» የሚል መፈክር አላቸው።

እነሱ ለአብሮ መኖር የሚይዙት አራት ነገር ከቡድሃ ትምህርት የተወሰደ ነው። መስጠት፣ ጥሩ አንደበት፣ የሚጠቅም ሥራ፣ እኩልነት። ሥራ ላይ ሲሆኑ እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣ ታናሽ ወንድም እየተባባሉ ይጠራራሉ፤ ሹመትና ዲግሪ እዚያ አይሠራም። እኛማ እትዬና ጋሼ ማለት ድሮም እናውቃለን።

በግቢያችሁ ለመጀመር ትንሽ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ምረጡ። እኛ የመረጥነው ክረምት ሲመጣ የሚሞላውን ቦይ ማጽዳት ነበር። ሥራውን ለሰው ስትነግሩ «ነዪ ትረጃለሽ» አትበሉ፤ «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አካፋ ይዘሽ ነዪ» በሉ። ሁሉም ሰው የሚችለው ነገር ይኑረው። አዛውንት ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ፣ ልጆች ውኃ ያመላልሳሉ። ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይናገር። ምሳ አንድ ላይ ይበላ። ያልመጣውን ሰው አትሙት፣ ምሳ ላኩለት። በሁለተኛው ጊዜ የሚመጣው እሱ ነው።

ጥሩ አንደበት ስል ማሞካሸት ማለቴ አይደለም። ከመናገር በፊት አምስት ነገር ማየት ነው የሚሉት፤ ሰዓቱ ነው ወይ፣ እውነት ነው ወይ፣ በለስላሳ ቃል ነው ወይ፣ ይጠቅማል ወይ፣ ከበጎ ልብ ነው ወይ። የግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይህን ለጥፈነዋል። ሁሌም አይሠራም፣ ብዙ ጠብ ግን አስቀርቷል።

አሁን ማዳም

ከወራት በኋላ፣ ልብ ሲጠነክር፣ የሚያስቀይማችሁን ሰው አምጡት። ከባዱን አትምረጡ፤ የደበደባችሁን ወይም ቤተሰባችሁን ያፈረሰውን ሰው ሳይሆን መንገድ ላይ ስታዩት ፊታችሁ የሚጠቁርበትን። ንዴቱ ከገነፈለ ወደ ወዳጃችሁ ተመለሱ፣ ተረጋግታችሁ ደግሞ ሞክሩ። ቡድሃጎሳ የተናደደን ሰው ሌላውን ሊመታበት የጋለ ፍም በእጁ ካነሣ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ቀድሞ የሚቃጠለው የማን እጅ ነው? ብዙ መንገድ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ደግሞ ለዚያ ለተጣላው ሰው ስጦታ ይስጥ ይላል። በሐሳብ ያልሆነው አንዳንዴ በእጅ ይሆናል።

በጎ መመኘት ማለት በደሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ደመወዝ የከለከላችሁን ሰው መክሰስ ትችላላችሁ፣ ከሚመታችሁ ሰው መራቅ አለባችሁ። ማሃ ጎሳናንዳ የሚባል የካምቦዲያ መነኩሴ ነበር፣ በ2007 ነው ያረፈው። ቤተሰቡን በክመር ሩዥ ዘመን፣ አገሩን በፈጀው አገዛዝ ጊዜ፣ አጥቷል። በ1992 ከታይላንድ ድንበር ከሚመለሱ ስደተኞች ጋር ተነሥቶ እስከ ዋና ከተማው ፕኖም ፔን ድረስ በእግሩ ሄደ፣ በየመንደሩ ሰው ውኃና እጣን ይዞ እየወጣ ተቀበላቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ ምርጫው ሲደርስ፣ ውጊያው ገና ሳይቆም ደግሞ ሄዱ። የገደሉት ምን እንዳደረጉ እሱ አልረሳም። ግን ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም ይል ነበር፣ ቀስ ብሎም ይራመድ ነበር።

እኔ ማዳምን ማታ መመረቅ የጀመርኩት ያ ብርጭቆ ከተሰበረ በኋላ ነው። ያን ቀን በእሷ ቦታ ቆሜ ስለነበር ይሆናል። መጀመሪያ ላይ «ደህና ሁኚ» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት፣ ሌላው ቃል ከጉሮሮዬ አይወጣም። እሱን ብቻ ለብዙ ሳምንት አልኩ።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 በእኛ አቆጣጠር የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ቪዲዮውን አይቼ ሰፈሩን አወቅኩት። ቁጥሯ አሁንም ስልኬ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ደወልኩ። አነሣችው። ስሜን ስነግራት ዝም አለች። «ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት። መስኮቱ በሙሉ እንደረገፈ፣ እሷና ባሏ ግን እንደተረፉ ነገረችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። ስለ ድሮው ነገር እሷም አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ወሬ ነው።

ያን ዕለት ማታ ወደ አገሯ ስሪላንካ፣ ኩሩኔጋላ ወደ ገባችው አካ ደወልኩና ለማዳም እንደደወልኩላት ነገርኳት። «ጥሩ» አለችኝ። «አሁን ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ ከራስሽ።»